ሰባት ጥማድ መሬትና የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ጠርሙስ፦ ሮማኔ-ኮንቲ ምንድን ነው?

በ2018 ኦክቶበር ወር ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ለጨረታ ቀረበ። ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት ቢበዛ 32 ሺህ ዶላር ያወጣል ብሎ ገምቶ ነበር። ጨረታው ሲዘጋ ግን ገዢው ከነኮሚሽኑ የከፈለው 558 ሺህ ዶላር ሆነ። በወቅቱ ለአንድ ጠርሙስ ወይን በጨረታ ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ነበር።

ጠርሙሱ ደግሞ ተራው 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለአምስት ብርጭቆ ብናካፍለው አንዱ ብርጭቆ ከ111 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣል። እንዴ! የወይን ጭማቂ አይደል እንዴ? ምን ቢገባበት ነው?

ምንም አልገባበትም። የገባው ወይን ብቻ ነው። ስሙ ሮማኔ-ኮንቲ ይባላል፤ ያ ጠርሙስ ደግሞ የ1945 ምርት ነበር። ይህ ዋጋ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አንዲት ትንሽ ማሳ መሄድ አለብን። የማሳዋን ታሪክ ከመነኮሳቱ ዘመን እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል አሰናድተንላችኋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጨረፍታ

▪️ ሀገር፦ ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ክልል (በእንግሊዝኛው በርገንዲ የሚባለው)
▪️ መንደር፦ ቮን-ሮማኔ
▪️ የማሳው ስፋት፦ 1.81 ሄክታር ገደማ
▪️ የወይኑ ዝርያ፦ ፒኖ ኗር
▪️ ዓመታዊ ምርት፦ እንደ ዓመቱ ሁኔታ ከ5 ሺህ እስከ 6 ሺህ ጠርሙስ አካባቢ
▪️ ባለቤት፦ ዶሜን ደ ላ ሮማኔ-ኮንቲ የተባለ የሁለት ቤተሰቦች ድርጅት

ማሳዋ የት ናት?

ከዲጆን ከተማ ወደ ቦን ከተማ ሲወርዱ በስተቀኝ ረጅም የኮረብታ ተዳፋት አለ። ተዳፋቱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሰጥቷል፤ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው እሱን ነው። አፈሩ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ያለበት፣ ከላይ ሸክላ የተቀላቀለበት ነው። በዓለም ላይ እጅግ ውድ የሚባሉት ቀይ ወይኖች ብዙዎቹ የሚወጡት ከዚህ ቀጭን መስመር ላይ ነው።

ሮማኔ-ኮንቲ የዚህ ተዳፋት ወገብ ላይ ተቀምጣለች። 1.81 ሄክታር ስንል በእኛ አለካክ ከሰባት ጥማድ ብዙም አይበልጥም። በኳስ ሜዳ ብንለካት ሁለት ሜዳ ተኩል ያህል ናት። ዳሯ ላይ አንድ የቆመ የድንጋይ መስቀል አለ፤ ከመላው ዓለም የሚመጣ ጎብኚ እሱ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል። አጠገቡ ያለው ጽሑፍ በትሕትና ‘መንገዱ ላይ ሆናችሁ እዩ፣ ማሳው ውስጥ ግን አትግቡ’ የሚል መልእክት አለው። ትልቅ አጥር የለም፣ የታጠቀ ዘበኛም የለም። በአጭር የድንጋይ ግንብ የተከበበ የወይን ማሳ ነው፣ በቃ።

ጎረቤቶቿም ቀላል አይደሉም። በላይ በኩል ላ ሮማኔ የምትባል ከአንድ ሄክታር የምታንስ ማሳ አለች። በሰሜን ሪሽቡር፣ በታች ሮማኔ-ሳን-ቪቫን፣ በደቡብ ደግሞ ላ ግራንድ ሩ ይዋሰኗታል፤ ከእሷ ቀጥሎ ላ ታሽ ይመጣል። ዝርያው ያው ፒኖ ኗር ነው፤ አየሩም ያው ነው። ሆኖም የአንዷ ማሳ ወይን ከሌላዋ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ስም አይሸጥም፤ ዋጋቸውም ሰማይና ምድር ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ ቡናን አስቡት። የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ሁለቱም ቡና ናቸው፣ ግን የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ይለያቸዋል። አፈሩ፣ ከፍታው፣ ዝናቡና የገበሬው እጅ ተደምረው ለጣዕሙ መልክ ይሰጡታል። ፈረንሳዮች ይህን ‘ቴሯር’ ይሉታል። ልዩነቱ ቡርጎኞች ነገሩን እስከ እያንዳንዷ ቁራሽ መሬት አውርደውታል። በክልሉ ስም ወጥቶላቸውና ወሰን ተበጅቶላቸው የሚታወቁ 1,247 ‘ክሊማ’ የሚባሉ የወይን ቦታዎች አሉ። ዩኔስኮ በ2015 እነዚህን ቦታዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ከገዳም ወደ ልዑል፣ ከልዑል ወደ አብዮት

ታሪኩ የሚጀምረው ከመነኮሳት ነው። በ1131 የቡርጎኙ መስፍን ኡግ ዳግማዊ በቮን አካባቢ ያለውን መሬትና ደን ለሳን-ቪቫን ገዳም ሰጠ። መነኮሳቱ ጊዜ ነበራቸው፤ ትዕግሥትም ነበራቸው። ለትውልዶች ያንኑ መሬት እያለሙ የትኛው ጥግ የተሻለ ፍሬ እንደሚሰጥ ለዩ። ዛሬ የምናውቀው የማሳ አከፋፈል መሠረቱ በብዙ ቦታ የመነኮሳት ሥራ ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገዳሙ ማሳውን ለግለሰብ አስተላለፈ። ከዚያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ክሩነምቡር የሚባል ቤተሰብ እጅ ገባ። ‘ላ ሮማኔ’ የሚለው ስም በሰነድ ላይ ብቅ ያለው በእነሱ ዘመን፣ በ1651 ነው። ስሙ የጥንት ሮማውያንን ለማስታወስ የተሰጠ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አለ።

በ1760 ክሩነምቡሮች ማሳውን ሸጡ። ገዢው የኮንቲ ልዑል ሉዊ ፍራንሷ ደ ቡርቦን ነበር፤ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ዘመድ፣ የጦር ሰውና የንጉሡ ምሥጢራዊ ዲፕሎማት። እዚህ ላይ አንድ ታዋቂ ወሬ አለ። የንጉሡ ወዳጅ ማዳም ደ ፖምፓዱርም ማሳውን ፈልጋው ነበር፣ ልዑሉ ቀደማት ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን ይጠራጠሩታል። ስለዚህ ወሬነቱን ይዛችሁ እለፉት።

እርግጡ ነገር ልዑሉ ከገዛ በኋላ ያደረገው ነው። ወይኑን ከገበያ አወጣው። ለራሱ ማዕድና ለእንግዶቹ ብቻ አደረገው። እናላችሁ፣ ድሮም በጥሩነቱ የሚታወቅ ወይን በገንዘብ የማይገኝ ሆነ። ‘ከሁሉም ይበልጣል’ የሚባል፣ ግን ማንም ገዝቶ የማይቀምሰው ነገር ስሙ ምን ያህል እንደሚገዝፍ መገመት አያቅትም።

ከዚያ በ1789 የፈረንሳይ አብዮት መጣ። የመኳንንቱና የቤተክርስቲያን መሬት ተወረሰ። ልዑሉ በ1776 ሞቶ ስለነበር የተወረሰው በልጁ እጅ እያለ ነው። በ1794 ማሳው በጨረታ ሊሸጥ ሲል የሚገርም ነገር ሆነ። ሻጮቹ የመሬቱን ዋጋ ከፍ ለማድረግ በአዋጁ ላይ የቀድሞ ባለቤቱን ስም ጨመሩበት፤ ‘ሮማኔ-ኮንቲ’ ተባለ። አብዮቱ መሳፍንቱን አጥፍቶ ሲያበቃ ለሽያጭ ሲሆን የመስፍኑን ስም ተጠቀመበት። ልዑሉ በሕይወት ሳለ ማሳው በእሱ ስም አይጠራም ነበር።

የሁለት ቤተሰቦች ርስት

ከአብዮቱ በኋላ ማሳው ከአንዱ ሀብታም ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በ1869 ዣክ-ማሪ ዱቮ-ብሎሼ የሚባል የወይን ነጋዴ ገዛው። የዛሬው ቤት መሥራች የሚባለው እሱ ነው። ዘሮቹ የቪሌን ቤተሰብ ናቸው። በ1933 አጠገብ ያለውን፣ ከ6 ሄክታር በላይ የሆነውን ላ ታሽን ጨመሩ። በ1942 ደግሞ አንሪ ለርዋ የሚባል ነጋዴ የግማሹን ድርሻ ገዛ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ድርጅቱ ግማሽ በግማሽ የቪሌንና የለርዋ ቤተሰቦች ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳይ ሕግ ንብረት ለልጆች እኩል ስለሚከፋፈል የቡርጎኝ መሬት በየትውልዱ እየተቆራረሰ ነው የመጣው። ለምሳሌ በአቅራቢያው ያለው ክሎ ደ ቩጆ 50 ሄክታር ገደማ ነው፤ እሱን ወደ 80 የሚጠጉ ባለቤቶች ተካፍለውታል። አንዳንዱ ሰው ያለው ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው። ሮማኔ-ኮንቲ ግን ሳይቆረስ ቆይቷል። አንድ ባለቤት ብቻ ያለውን ማሳ ፈረንሳዮች ‘ሞኖፖል’ ይሉታል።

ባለቤቶቹ መቼም ተጣልተው አያውቁም ማለት ግን አይደለም። ከ1974 ጀምሮ ኦቤር ደ ቪሌንና ላሉ ቢዝ-ለርዋ አብረው ሲመሩት ቆይተው በ1992 ላሉ ቢዝ-ለርዋ በሽያጭ አሠራር ላይ በተነሣ አለመግባባት ከኃላፊነታቸው ተነሡ። እሳቸው በራሳቸው ስም ሌላ ቤት አቋቁመው ነበርና ዛሬ የእሳቸውም ወይን ከሮማኔ-ኮንቲ ዋጋ ጋር የሚፎካከር ነው። በ2019 ልጃቸው ፔሪን ፌናል በለርዋ ወገን ወደ አመራሩ መጡ። ኦቤር ደ ቪሌን ደግሞ በ2022 መጀመሪያ ለዘመዳቸው ለቤርትራን ደ ቪሌን አስረከቡ።

ቤቱ ዛሬ ከሮማኔ-ኮንቲና ከላ ታሽ ሌላ በሪሽቡር፣ በሮማኔ-ሳን-ቪቫን፣ በኤሼዞ፣ በግራን-ኤሼዞ እና በሌሎችም ቦታዎች መሬት አለው። ሞንራሼ የሚባል ዝነኛ ነጭ ወይንም ይሠራል። ስሙን የሰጠችው ግን ያቺው ሰባት ጥማድ ናት።

ሥሩን አልለውጥም ያለው ማሳ

አሁን ወደዚያ የ1945 ጠርሙስ እንመለስ። ለምን እሱ ከሌሎቹ ተለየ?

በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የምትባል በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነፍሳት ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ገባች። የወይኑን ሥር እየመጠጠች ታደርቀዋለች። የፈረንሳይ ወይን ተራ በተራ ሞተ፤ ገበሬው ደኸየ፤ ስንቱ መንደሩን ጥሎ ተሰደደ። መጨረሻ ላይ መፍትሔው ከዚያው ከአሜሪካ መጣ። የአሜሪካ ወይን ሥር ነፍሳቷን ይቋቋማል። ስለዚህ የአሜሪካውን ሥር ተክሎ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ እላዩ ላይ ማጣበቅ ተጀመረ። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ወይን የሚበቅለው በዚህ መንገድ ነው።

የሮማኔ-ኮንቲ ባለቤቶች ግን እምቢ አሉ። የድሮውን ግንድ ከነሥሩ ማቆየት ፈለጉ። ነፍሳቷን ለመግደል ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል ወደ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው፤ ይህን ለአሥርት ዓመታት አደረጉት። አድካሚና ውድ ሥራ ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ኬሚካሉ ጠፋ፣ የሚሠራ ወጣት ጠፋ። ግንዶቹ ተዳከሙ። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ከመላው ማሳ የተገኘው ወይን ወደ 600 ጠርሙስ ብቻ ነበር።

ያኔ ተሸነፉ። ከዚያ መከር በኋላ ያረጀው ወይን ሁሉ ተነቀለ፤ በ1947 እንደ ሌላው ሰው በአሜሪካ ሥር ላይ እንደገና ተተከለ። ቅርንጫፉን ያመጡት ከላ ታሽ ነው። የላ ታሽ ወይን ደግሞ ቀደም ሲል ከዚሁ ከሮማኔ-ኮንቲ በተወሰደ ቅርንጫፍ የተተከለ ነበር። ልጅ እናቱን መልሶ እንደመውለድ ነው ነገሩ።

አዲሱ ተክል ለወይን እስኪደርስ ከ1946 እስከ 1951 ድረስ በሮማኔ-ኮንቲ ስም አንድ ጠርሙስ እንኳን አልወጣም። ስድስት ዓመት! የሌላ ማሳ ወይን ሞልተው በዚያ ስም መሸጥ ይቅርና፣ ከወጣቱ ግንድ የተገኘውንም አላወጡትም። በ1952 ነው እንደገና የተጀመረው።

ስለዚህ ያ የ1945 ጠርሙስ የመጨረሻው የድሮ ሥር ምርት ነው። ለጨረታ የቀረበው ከሮቤር ድሩዋን የግል ማከማቻ ነበር፤ ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት የዚህ ቤት ወይን አከፋፋይ ስለነበር የመጣበት መንገድ ጥያቄ አልነበረበትም። ይህ ነጥብ ከታች ስለ ፎርጅድ ስናወራ ይጠቅመናል፣ ያዙት።

እንዴት ይሠራል? ጣዕሙስ?

ማሳው የሚታረሰው በፈረስ ነው። ትራክተር አፈሩን ይጨፈልቀዋል ተብሎ ይፈራል። ቤቱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ እየተወ መጥቷል፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ‘ባዮዳይናሚክ’ በሚባለው ዘዴ ነው የሚያርሰው። ግንዶቹ ተጠጋግተው ይተከላሉ፤ በሄክታር ወደ 10 ሺህ ገደማ። ፍሬው እንዳይበዛ አስቀድሞ ይገረዛል። በዚህ ስሌት ለአንድ ጠርሙስ የሦስት የአራት ግንድ ፍሬ ያስፈልጋል። በሌላ እርሻ አንድ ግንድ ብቻውን ከአንድ ጠርሙስ በላይ ሊሰጥ ይችላል።

ለቀማው በእጅ ነው። የተበላሸና ያልበሰለ ፍሬ ይለያል። ብዙ ጊዜ ዘለላው ከነጭራሮው በእንጨት ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይፈላል። ቀለሙ የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው። ከዚያ በአዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ወደ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያርፋል፤ ወደ ጠርሙስም ይገባል።

ስሙን ሰምቶ ጥቁርና ወፍራም መጠጥ የሚጠብቅ ሰው ሲያየው ይደነግጣል። ፒኖ ኗር ልጣጩ ስስ ነው፤ ወይኑም ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። የቀመሱት የጽጌረዳ አበባ፣ ቅመምና እርጥብ የጫካ አፈር ይሸትታል ብለው ይጽፋሉ። ዋናው ጠባዩ ግን ዕድሜው ነው። ጥሩ ዓመት ከሆነ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ ቶሎ የከፈተው ሰው ገና ያልተከፈተ ጣዕም ነው የሚያገኘው።

ለምን ይህን ያህል ተወደደ?

መልሱ ግማሹ ሒሳብ ነው። ምርቱ ከ5 ሺህ እስከ 6 ሺህ ጠርሙስ ነው። ፈላጊው ግን ድሮ የፓሪስና የለንደን ሀብታም ብቻ ነበር፤ ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ቶኪዮ፣ ሲንጋፖር ተጨምሯል። ሌላ ምርት ቢሆን ፋብሪካ ያሰፉ ነበር። እዚህ ግን አይቻልም። ከ1936 ጀምሮ ‘ሮማኔ-ኮንቲ’ የሚለው ስም በሕግ ከዚያች ማሳ ጋር ታስሯል። ከወሰኑ አንድ እርምጃ ውጪ የበቀለ ወይን በዚያ ስም አይጠራም።

ሁለተኛው ነገር አሸጣጡ ነው። ቤቱ የሚሸጠው ለረጅም ጊዜ ለሚያውቃቸው አስመጪዎች በኮታ ነው። በተለምዶ ደግሞ አንድ ሮማኔ-ኮንቲ ለማግኘት የቤቱን ሌሎች ወይኖች ከካርቶኑ ጋር አብሮ መግዛት ያስፈልግ ነበር፤ ከ12 ጠርሙስ አንዷ ብቻ ሮማኔ-ኮንቲ ናት። ጠርሙሶቹ ቁጥር አላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ወይኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋጋው ይተኮሳል። ዛሬ አንድ ጠርሙስ በዳግም ሽያጭ ገበያ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ማውጣቱ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ወይን የሚጠጣ ነገር ነው። ዋጋው እንዲህ ሲሆን ግን የሚገዛው ሰው መጠጣቱን ይተውና እንደ ወርቅ ያስቀምጠዋል፤ ሲወደድ ይሸጠዋል። ማሳውን በእጁ የሚገርዝ ሠራተኛ፣ ወይንን ከልቡ የሚወድ ወጣት፣ የመንደሩ ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ የሚቀምሰው ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ችግሩ እስከ መሬቱ ይደርሳል። የቡርጎኝ ምርጥ ማሳ ዋጋው በጣም ስለናረ፣ አባት ሲሞት ልጆች የሚጠየቁት የውርስ ግብር ወይን ሸጠው የሚከፍሉት አይሆንም። በዚህም ሆነ በሌላ ምክንያት ነባር ቤቶች ለትልልቅ ባለሀብቶች እየተሸጡ ነው። በ2014 ክሎ ዴ ላምብሬ የሉዊ ቪቶን ባለቤት በሆነው ኩባንያ ተገዛ። ክሎ ደ ታርም ቀጥሎ የጉቺ ባለቤት በሆነው በፒኖ ቤተሰብ እጅ ገባ። ሮማኔ-ኮንቲ እስካሁን በቤተሰብ እጅ ነው።

መርዝ እናጠጣዋለን ያለው ደብዳቤ

ስም ሲገዝፍ ሌባም ይመጣል። በ2010 ጃንዋሪ የቤቱ ኃላፊ ኦቤር ደ ቪሌን አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። አብሮት የማሳው ካርታ ነበር፤ ግንዶቹ ሳይቀሩ በዝርዝር የተመለከቱበት። መልእክቱ አጭር ነው፦ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ክፈሉ፣ ካልሆነ ወይኑን እንገድለዋለን።

ቀልድ አልነበረም። ሁለት ግንዶች ግርጌያቸው በመሰርሰሪያ ተበስቶ መርዝ ገብቶባቸው ተገኙ። ያን ማሳ ገድሎ እንደገና መትከል ይቻላል፣ ግን ፍሬው የድሮውን ያህል እስኪሆን አሥርት ዓመታት ይወስዳል። ፖሊስ ሐሰተኛ ገንዘብ አዘጋጅቶ ደብዳቤው ባዘዘው ቦታ፣ በአቅራቢያው መንደር የመቃብር ስፍራ ውስጥ አስቀመጠ። ሊወስድ የመጣው ሰውዬ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በእስር ቤት ራሱን አጠፋ።

‘ዶክተር ኮንቲ’

ሁለተኛው ሌባ ማሳው አጠገብ መድረስ እንኳን አላስፈለገውም። ሩዲ ኩርኒያዋን የሚባል ኢንዶኔዥያዊ ወጣት በ2000ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በውድ ወይን ጨረታዎች ላይ ብቅ አለ። የሚያፈሰው ገንዘብ አይጣል ነበር። ሮማኔ-ኮንቲ ከመውደዱ የተነሣ ጓደኞቹ ‘ዶክተር ኮንቲ’ ይሉት ጀመር። ግብዣ ላይ ውድ ጠርሙስ ያስከፍታል፤ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ግን ሰብስቦ ይወስዳል። ቆየት ብሎ ሻጭ ሆነ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ወይን ለጨረታ ያቀርብ ጀመር።

በ2008 ኒውዮርክ ውስጥ ካቀረባቸው ወይኖች መካከል የፖንሶ ቤት ምርት ናቸው የተባሉ ነበሩ። ሎራን ፖንሶ ዝርዝሩን ሲያዩ ግራ ተጋቡ። ከ1945 ጀምሮ የተሠራ ነው የተባለውን ያን ወይን ቤታቸው መሥራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነዋ! ተነሥተው ኒውዮርክ ሄዱና ወይኑ ከጨረታ እንዲወጣ አስደረጉ።

በ2012 ኤፍቢአይ ኩርኒያዋንን ካሊፎርኒያ ውስጥ ይዞ ቤቱን ሲፈትሽ የተገኘው ነገር ሁሉን ተናገረ። በሺዎች የሚቆጠር የታተመ የጠርሙስ ወረቀት፣ ቡሽ፣ ማኅተም፣ ባዶ ጠርሙስ። ርካሽ ወይን ከሌላ ወይን ጋር እያደባለቀ በአሮጌ ጠርሙስ ይሞላ ነበር። በ2013 በተደረገው የፍርድ ሂደት ኦቤር ደ ቪሌን ራሳቸው መጥተው መሰከሩ። በ2014 አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ ለተጎጂዎች 28.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልም ተወሰነ። በ2021 ከአሜሪካ ተባረረ።

እንግዲህ አስቡት፤ የዓለም ባለሀብቶችና የወይን አዋቂዎች ፎርጅዱን እየጠጡ ሲያደንቁ ነበር። ለዚህም ነው ከዚያ ወዲህ ገዢ ሁሉ ‘ከማን እጅ መጣ?’ ብሎ የሚጠይቀው። ያ የድሩዋን ጠርሙስ ከግምቱ በላይ የተወነጨፈበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጥርት ያለ የትውልድ ሐረግ ያለው ጠርሙስ በራሱ ብርቅ ሆኗል።

የማይታጠር ጠላት

መርዘኛውን ፖሊስ ያዘው፤ ፎርጅዱን ፍርድ ቤት። ሦስተኛው አደጋ ግን በካቴና የሚያዝ አይደለም።

ቦን ከተማ ውስጥ የወይን ለቀማ የተጀመረበት ቀን ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል። ተመራማሪዎች ይህን መዝገብ እስከ 2018 ድረስ አጥንተው በ2019 ያወጡት ውጤት ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀድሞው አማካይ በ13 ቀን ገደማ ቀድሞ እንደሚጀመር ያሳያል። የምድር ሙቀት መጨመር ወይኑን ቶሎ ያበስለዋል። ቶሎ የበሰለ ወይን ስኳሩ ከፍ ይላል፣ አልኮሉ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ በሞቃት መጋቢት ቀድሞ ያቆጠቆጠ ለጋ ቅጠል ሚያዝያ ላይ ውርጭ ይመታዋል። ፒኖ ኗር ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ዝርያ ነው።

ሌላ ገበሬ ቢሆን ሙቀት የሚችል ዝርያ ይተክላል፣ ወይ ወደ ደጋው ወጣ ይላል። ሮማኔ-ኮንቲ ወዴት ይሄዳል? ስሙ ከመሬቱ ጋር ታስሯል፤ መሬቱ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ማሳውን ውድ ያደረገው ነገር ሁሉ፣ ማለትም ወሰኑ፣ ዝርያው፣ ‘አንለውጥም’ ባይነቱ፣ አሁን መሸሻ አሳጥቶታል።

የሚችሉትን ግን እያደረጉ ነው። ብዙ የቡርጎኝ አምራቾች የለቀማውን ቀን በጥንቃቄ ይመርጣሉ፤ ቅጠሉ ፍሬውን ከፀሐይ እንዲያጠላው ይተዋሉ፤ ድርቅ የሚችል ሥር ይሞክራሉ። ከየማሳው የድሮ ግንዶች የተሻሉትን እየመረጡ ቅርንጫፋቸውን የማባዛት ሥራም አለ። ኦቤር ደ ቪሌን የቡርጎኝን ማሳዎች በዩኔስኮ ለማስመዝገብ ዓመታት የደከሙበት ዘመቻም ከዚህ አስተሳሰብ የመጣ ነው፦ ባለቤቱ ያልፋል፣ ማሳው ግን ለሚቀጥለው ሰው መድረስ አለበት።

በ1945 እንዳየነው ይህ ማሳ አንዴ ሥሩን ለመለወጥ ተገዷል። ያኔ ስድስት ዓመት ያለ ምርት ቆይቶ ተመልሷል። ዛሬ ሙቀቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ መጥቷል፤ መልሱን የሚሰጡት ደግሞ አሁን ቁልፉን የተረከቡት የቤተሰቡ አባላትና በየጠዋቱ ፈረስ እየነዱ የሚያርሱት ሠራተኞች ናቸው።

እናንተስ በአካባቢያችሁ ከትውልድ ትውልድ ሳይቆረስ፣ ስሙም ምርቱም ሳይበረዝ የቆየ የምታውቁት ማሳ አለ? የቡና፣ የማር፣ የጌሾ፣ የጤፍ ሊሆን ይችላል። ጻፉልን፤ ተከታትለን እንሠራዋለን።